ከምርመራው በፊት ያሉት አምስት ቀናት

በኩምባ ከተማ ገበያ ኤሩ ከሚከትፉት ሴቶች መካከል የኤባንጋን ያህል እጇ የተመሰገነ አልነበረም። ኤሩ የጫካ ቅጠል ነው፤ ጠንካራ ስለሆነ እንደ ፀጉር ካልቀጠነ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም አይበላም። ከታፊዋ ቅጠሉን ደራርባ ትጠቀልልና በግራ እጇ ጭብጥ አድርጋ ትይዘዋለች፤ ቢላው ከጣቶቿ ጫፍ ሥር ነው የሚመላለሰው። ኤባንጋ ድሮ ይህን ስትሠራ ዓይኗን እንኳ ወደ እጇ አትጥልም ነበር። ከጎረቤቷ ከቤሰም ጋር ሰው እያማች፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀች፣ ቢላው በራሱ ጊዜ የሚሄድ ይመስል ነበር። ልቧ ውስጥ ብረት ከገባ ወዲህ ግን ሳታይ አንዴም አታነሳውም።

የብረቱ ነገር እንዲህ ነው። ልጅ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ ጉሮሮውን የማያመው ልጅ የት ይገኛልና ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ከገበያ ወደ ቤት የሚያስወጣውን ዳገት ሦስቴ ሳታርፍ መጨረስ አቃታት። ሐኪሞቹ ያ የልጅነት ሕመም ልቧ ድረስ ወርዶ አንዱን የልቧን በር አበላሽቶታል አሉ። ደረቷ ተከፈተና በተበላሸው ፈንታ ሰው የሠራው በር ተገጠመላት። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፅ አለው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸጥ ሲል አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የእጅ ሰዓቱን ያያል። ባሏ ኦሮክ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳይቀልድ ከዋለ የሚታመም ዓይነት ሰው። "ሌላው ሰው ሚስት አገባ፣ እኔ የግድግዳ ሰዓት አገባሁ" ይላል ለመጣ ለሄደው።

እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ደም እንዲህ ያለውን በር አይወደውም፤ ሲነካው ይረጋበታል። እንዳይረጋ በየቀኑ ደም የሚያቀጥን ክኒን ትውጣለች፤ ክኒኑ በልኩ መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ በወር አንዴ ከክንዷ ደም ይቀዳል። ውጤቱ አንድ ቁጥር ነው፤ በቢጫ ደብተር ላይ ይጻፍላታል። ከሁለት ተኩል በታች ከሆነ ደሟ ወፍሯል፤ በሩ ላይ ረግቶ ሊዘጋው፣ አለዚያም ተቆርሶ ወደ ጭንቅላቷ ሊሄድ ይችላል። ከሦስት ተኩል በላይ ከሆነ ከልክ በላይ ቀጥኗል፤ ትንሽ ጭረት እንኳ አልቆም ይላል። ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል፤ የኤባንጋ ሕይወት ያለችው እዚያች መሐል ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ ቁጥሩ አምስት ነጥብ ሁለት በደረሰበት ሳምንት፣ ቢላው አውራ ጣቷን ነካት። ድሮ ቢሆን ጣቷን መጥጣ ሥራዋን የምትቀጥልበት ጭረት ነበር። ያን ቀን ግን ደሙ የቤሰምን ሽርጥ፣ የራሷን ሻሽና የሥጋ ሻጩን ፎጣ አርሶም አልቆመም። በሞተር ብስክሌት ሆስፒታል ስትደርስ የነጂው ሸሚዝ ጀርባ ቀይ ሆኖ ነበር፤ ሰውየው ሒሳቡን እንኳ ሳይቀበል ፈትለክ አለ። ከዚያ በኋላ ለወራት ቢላ ባነሳች ቁጥር መዳፏን ላብ ያጠምቀው ነበር።

ሌላው ፍርሃቷ የማኅበሩ ሴቶች ናቸው። ይኼ ያስቃችሁ ይሆናል፤ የሚስቀው ግን ማ ኤዬሬን የማያውቅ ነው። በኩምባ የምንኖር የማንዩ አውራጃ ተወላጆች ሚስቶቻችንና እናቶቻችን በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሚሰበሰቡበት ማኅበር አላቸው። የኤባንጋን የቀዶ ሕክምና ወጪ የከፈሉት እነሱ ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ኤሩ በዘንባባ ዘይት እየሠሩ፣ መናኸሪያው በር ላይ እየሸጡ። ሊቀ መንበሯ፣ እንደ እናት "ማ" የምንላቸው ኤዬሬ፣ ያኔ "ይቺ ልጅ የሁላችንም ናት፤ ልቧም የሁላችንም ነው" ብለው ነበር። እውነትም የሁላቸውም ሆነ። በየስብሰባው፣ ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ኤባንጋ ብድግ ትልና ቢጫ ደብተሯን ገልጣ የወሩን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች። ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል፣ ከዚያ ወደ ምግቡ ይኬዳል።

አንድ እሑድ ተነሥታ "አንድ ነጥብ ስምንት" አለች። ለማጨብጨብ የተዘጋጀው እጅ ሁሉ ጭን ላይ ቀረ።

"ከሁለት ተኩል በታች ነው አይደል?" አሉ ማ ኤዬሬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

"አዎ፣ ማ።"

"ምን በልተሽ ነው?"

"ኤሩ ነው መሰለኝ፣ ማ። ሲስተር ዴልፊን ቅጠል ቁጥሩን ያወርደዋል ትላለች።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። "ኤሩ የማይበላ የማንዩ ሰው አለ እንዴ?" አለች አንዷ። ከኋላ በኩል ግን ሌላ ድምፅ፣ ማን እንደሆነች ያልለየችው ድምፅ፣ "ያን ሁሉ ጭስ የበላነው ለአንድ ነጥብ ስምንት ነው?" አለ። ኤባንጋ ቁጭ አለች። ያን ቀን ያቀረቡላትን ምግብ አልቀመሰችም።

ሲስተር ዴልፊን ከተማው ዳር ባለው ሆስፒታል የእንዲህ ያሉ ሕመምተኞችን ደብተር የምትይዝ ነርስ ናት። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ስትናገር ቃሏን አታበዛም። ያንኑ ወር ኤባንጋን አስቀምጣ በሚገባ አስረድታት ነበር። "አረንጓዴ ቅጠል የክኒኑን ጉልበት ይቀንሰዋል። ተዪው ግን አላልኩም፤ ቅጠል ለሰውነትሽ ያስፈልግሻል። የምትበዪውን ያህል ሁልጊዜ ብዪ፤ እኔ ክኒኑን በምግብሽ ልክ እሰፋልሻለሁ። ዛሬ ድስት ሙሉ፣ ነገ ባዶ ካልሽ ግን ልክሽን ከየት አምጥቼ ልስፋ? ባልሽን ጠይቂው፣ እሱ ይነግርሻል።" ኤባንጋ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። ቤቷ ስትደርስ በጆሮዋ ውስጥ የቀረው ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

በተከታዩ ወር ወባ ያዛት። አምስት ቀን ሙሉ ከሩዝና ከሻይ በቀር አልወርድ ብሏት ሰነበተች፤ በስድስተኛው ቀን ምርመራዋ ደረሰ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ! ማኅበሩ ቤት እልልታው ቀለጠ፤ ማ ኤዬሬም በእጃቸው የቀዱትን ሾርባ አቀበሏት። እንግዲህ ጉዱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ኤባንጋ ሞኝ አይደለችም፤ ሩዙንና ቁጥሩን አገናኘቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ከምርመራው በፊት አምስት ቀን ሲቀራት ቅጠል የሚባል ነገር ከቤቷ ይወጣል። ሩዝ በዓሣ ወጥ፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ባቄላ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ኤሩ ስትከትፍ ትውልና ማታ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ ፊቷን አጨማድዳ ሩዟን ትበላለች። ደሟን ሰጥታ ስትወጣ ደግሞ እዚያው የሆስፒታሉ በር ላይ ከምትሸጠው ሴት አንድ ሳህን ኤሩ ፉፉ ከሚባለው የካሳቫ ገንፎ ጋር ትገዛለች፤ ጣቶቿን እየላሰች ነው የምትጨርሰው። ሦስቱን ሳምንት እንዳሻት በልታ በአራተኛው እንደገና ወደ ሩዟ ትመለሳለች።

አሥራ አራት ወር እንዲህ ሄደ። ሦስት ነጥብ አንድ፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ሦስት። ደብተሩ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ሆነ። በሌሎቹ ሃያ ምናምን ቀናት ደሟ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም፤ ማንም አይለካውምና። እሷ ታውቅ ነበር ወይ? አንዳንዴ ሳህኑን አስቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግና በሩን ታዳምጣለች። ቀጭ ሲላት ነፍሷ መለስ ይላል፤ እንደገና ሳህኑን ታነሳለች። እንግዲህ ይህን የምታደርግ ሰው አታውቅም ለማለት ይከብደኛል።

በአሥራ አምስተኛው ወር አምስቱን ቀን ጭራሽ አጥብቃ ጾመችና ቁጥሩ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ መጣ። ሲስተር ዴልፊን ግንባሯን ቋጠር አድርጋ "ትንሽ ቀጥኗል" አለችና የክኒኑን መጠን ቀነሰችላት። ምን ታድርግ? እሷ ያየችው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ኤሩ አይታይም። ኤባንጋ ስለ ሩዙ ሳትነግራት ክኒኗን ተቀበለች። ስትወጣም በሩ ላይ ከምትሸጠው ሴት ሳህኗን ገዛች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጎቷ ፓ ታካንግ ከማምፌ ከተማ ማዶ ባለው መንደራቸው አረፉ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት የቀረበለትን የማይበላ ሰው ወይ ከሟቹ ጋር ቂም አለው፣ ወይ በሞቱ እጁ አለበት። ኤባንጋም የምትወዳቸው አጎቷ ነበሩ። አራት ቀን ሙሉ ከየቤቱ ኤሩ በድስት ድስት መጣ፤ አንዷ አክስት አንስታ ሌላዋ ታስቀምጣለች። "ብዪ እንጂ፣ ከስተሻል! ልብሽን የሚይዘው ምን ሆነና፣ ምግብ አይደል?" እያሉ በላይ በላዩ ጨመሩላት። በላች። የምትውጠው ክኒን ግን ያው የተቀነሰው ነበር።

ኩምባ በተመለሰች በማግስቱ ጠዋት ኦሮክ ወደ ሱቁ ሄዶ ቤቱ ጭር ብሏል። ኤባንጋ እንደ ልማዷ ቆም ብላ አዳመጠች። ድምፁ አለ፤ ግን ያ ጥርት ያለው ቀጭታ አይደለም። በጨርቅ የተጠቀለለ እጅ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። "የመንገዱ አቧራ ጆሮዬን ደፍኖት ነው" አለችና ዘይት አሙቃ ጆሮዋ ውስጥ ጠብ አደረገች። ከዚያ ሬዲዮ ከፈተች፤ ጮክ አድርጋ።

ረቡዕ ዕለት ገበያ ላይ ነው የሆነው። ጥቅሉን በግራ እጇ ጨብጣ ሁለት ጊዜ ያህል ቢላውን እንዳስኬደች እጇ ተከፈተ። አልከፈተችውም፤ ተከፈተ። ቅጠሉ ጭኗ ላይ ተበተነ። ጣቶቿን አየቻቸው፤ ኑ ስትላቸው አልመጡም። "ቤሰም" ልትል አፏን ስትከፍት ምላሷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተኝቶ "በ... በ..." ብቻ ወጣ።

ቤሰም ዞር ብላ ሳቀች። "ምነው የኔ እመቤት፣ ገና በጠዋቱ የዘንባባ ጠጅ ቀመስሽ እንዴ?"

ኤባንጋ ሁሉንም ይሰማታል። የገበያው ጫጫታ፣ የቲማቲም ሻጯ ክርክር፣ የቤሰም ሳቅ፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነው። እሷ ብቻ ከውስጥ ተቆልፎባታል። እሞታለሁ አላለችም በልቧ። እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው አለች፤ ይሄ ከሞት ይልቅ አስፈራት።

"ኤባ? ኤባ፣ እዪኝ! አፍሽ ምን ሆነ?" ቤሰም ቢላዋን ጥላ ትከሻዋን ያዘቻት።

አንድ ደንበኛ ቲማቲም መርጦ ገንዘብ እስኪከፍል ያህል እንዲያ ሆና ቆየች። ከዚያ ጣቶቿ ውስጥ የጉንዳን መንጋ የሚሄድ መሰላት፤ አውራ ጣቷ ነቃ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ምላሷም ተፈታ። መጀመሪያ የተናገረችው "ለማንም እንዳትናገሪ" የሚል ነበር።

"አብደሻል? ተነሺ፣ ሆስፒታል እንሂድ!"

"ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ።"

"ማክሰኞ! እስከ ማክሰኞ ማን ይዞ ያቆይልሻል?"

"ዛሬ ከሄድኩ ቁጥሩ ያዋርደኛል፣ ቤሰም። አራት ቀን ሙሉ ኤሩ ስበላ ነው የከረምኩት።"

"እጅሽ ወድቆ፣ አፍሽ ተጣሞ አንቺ ስለ ቁጥር ታወሪያለሽ?"

"አንቺ ተነሥተሽ አታነቢ! አንቺን ከኋላ ሆነው ጭስ በላንልሽ አይሉሽ!" አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ቤሰም አጠገቧ ቁጭ ብላ "አሺያ፣ አይዞሽ እህቴ፣ አሺያ" እያለች ጀርባዋን ዳሰሰች።

ፍርሃት ሰውን ብልህ አድርጎ የሚያስት ነገር ነው። ኤባንጋ ወደ ቤት ስትሄድ ሐሳቧ እንዲህ ነበር፤ ቅጠል ደሜን አወፈረው፣ እንግዲህ ካቆምኩ ይቀጥናል፤ አምስቱ ቀን መድኃኒቴም ነው ማለት ነው፣ ማክሰኞ ቁጥሩም እኔም ድነን እንሄዳለን። ሒሳቡ ያማረ ነበር። የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የረጋው ደም እስከ ማክሰኞ ልጠብቅሽ ብሎ አልማለላትም። ማታ ሩዝ በላች። ሐሙስም ሩዝ በላች። በየሰዓቱ ግራ እጇን ትጨብጣለች፣ ትዘረጋለች። ሰው ሰላም ሲላት ከመመለሷ በፊት ቃሉን በሆዷ ትሞክረዋለች፤ ደረጃ ስትወጣም ያ የድሮው ትንፋሽ ማጠር ተመልሶ ነበር። ለኦሮክ ግን አልነገረችውም።

ዓርብ ቀትር ላይ ምሳውን ይዛለት ሱቁ ገባች። ኦሮክ የስፌት መኪናውን እየረገጠ የሠርግ ቀሚስ ይሰፋል፤ ሁለት ደንበኞች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሳህኑን ልታቀብለው ጎንበስ ስትል እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳና ሱቁ ጸጥ አለ።

"ምነው፣ ዛሬ ሰዓቴ ቆመ እንዴ?" አለ እየሳቀ ለደንበኞቹ። እነሱም ሳቁ።

ቀጥሎ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ተነሣና በሰው ፊት፣ መርፌው ከንፈሩ መሐል እንደተያዘ፣ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። ኤባንጋ የሱን ፀጉር ከላይ ታያለች፤ ክር ተጣብቆበታል።

"አልሰማውም" አለ። መርፌውን ከአፉ አወጣ። "ኤባንጋ፣ እኔ አልሰማውም።"

በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም። እሷ ብቻዋን ስትሰማው የጆሮ አቧራ ነበር፤ እሱም ካልሰማው እውነት ነው። ጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለች። እዚያው፣ ደንበኞቹ እያዩዋት፣ ሩዙንም ኤሩንም፣ የወደቀ እጇንም፣ አሥራ አምስቱንም ወር ዘረገፈችለት። ኦሮክ የሱቁን በር ክፍቱን ትቶ ሞተር ብስክሌት ለመጥራት ሮጠ።

ሆስፒታል ደሟ ተቀድቶ ውጤቱ ሲመጣ ሲስተር ዴልፊን ወረቀቱን ሁለቴ አየችው። አንድ ነጥብ አራት። ቢጫውን ደብተር ከጎኑ ዘረጋችና በጣቷ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሦስት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ሦስት ነጥብ አንድ።

"ስህተት ነው ይሄ። ይሄ ቁጥር ያንቺ ነው?"

"የኔ እሱ ነው፣ ሲስተር" አለች ኤባንጋ። "እስከ ዛሬ ያዩት ነው የኔ ያልሆነው።"

ስትነግራት ሲስተር ዴልፊን አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ግን ያቺ ቃሏን የማታበዛ ሴት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ታዲያ አሥራ አምስት ወር ሳስተካክል የኖርኩት የማንን ደም ነው? ክኒኑን ቀንሼልሻለሁ እኮ! በገዛ እጄ! ልትሞቺ፣ እኔ ልገድልሽ!" ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በቁጣ ይሁን በድንጋጤ ኤባንጋ አለየችውም። ዞር ብላ አልጋ እንዲዘጋጅ ጮኸች።

በመሣሪያ ሲታይ በሩ ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል የረጋ ደም ተገኘች። ሐኪሙ አልሸነገላትም። በደም ሥርሽ በምንሰጥሽ መድኃኒት ልትሟሟ ትችላለች፣ ተቆርሳ ልትሄድም ትችላለች፤ መጠበቅ ነው አላት። አሥራ አንድ ቀን ጠበቀች። ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር ዓይኗን ከመግለጧ በፊት የግራ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ታንቀሳቅስና "ቤሰም" ትላለች ጮክ ብላ። በአጠገቧ የተኙት ሴቶች መጀመሪያ ቤሰም ልጇ መስላቸው ነበር። አንዳንዴ ጣቶቿን ለማንቀሳቀስ እንኳ ትፈራለች፤ እምቢ ቢሉኝስ ብላ እስክትደፍር ትተኛለች።

በስድስተኛው ቀን ሲስተር ዴልፊን አንድ ጭልፋና አንድ ክዳን ያለው ሳህን ይዛ መጣች። ሳህኑ ውስጥ ኤሩ ነው። "ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ በዚህ ጭልፋ አንዴ። ብትወጂም ባትወጂም፣ ለቅሶ ቢሆን ሠርግ። ደምሽን በየሳምንቱ አያለሁ፤ በምትበዪው ልክ ክኒኑን እኔ አስተካክላለሁ። ቁጥሩ ቢያስጠላም አስጠልቶኝ ልየው።" ኤባንጋ ማንኪያውን አነሳች፤ ዘይቱ አንሶላው ላይ ጠብ አለ። ዕድሜዋን ሙሉ የበላችውን ምግብ ፈራችው። እያለቀሰች ነው የዋጠችው።

የረጋችው ደም ሟሟች። ከሆስፒታል ስትወጣ ቁጥሯ ሁለት ነጥብ ሁለት ነበር፤ ገና ከልኩ በታች ነው፣ ግን የራሷ ነው። በሳምንቱ ሁለት ነጥብ ስድስት ሆነ።

የማኅበሩ እሑድ ደረሰ። ማልዳ ተነሥታ ሦስቴ ልብስ ቀየረች። ጸሎቱ አለቀና ማ ኤዬሬ በአገጫቸው ምልክት ሲሰጧት ተነሣች። ሁለት ነጥብ ስድስት ብላ መቀመጥ ትችል ነበር፤ ውሸት አይሆንም። ደብተሩን ገለጠች።

"አንድ ነጥብ አራት" አለች።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉንም ነገረቻቸው። አምስቱን ቀናት፣ የሆስፒታሉ በር ላይ የምትበላውን ሳህን፣ ያጨበጨቡላቸው ቁጥሮች በሙሉ የአምስት ቀን ቁጥሮች መሆናቸውን። "ጭስ የበላችሁለትን ልብ ልገድለው ነበር" ስትል አንዲት ሴት ከኋላ ተንፍሳ አፏን በእጇ ያዘች።

"ተቀመጪ" አሉ ማ ኤዬሬ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጉዳይ፣ ወደ አዳራሹ ጣሪያ ጥገና፣ ተሻገሩ። ኤባንጋ ጆሮዋ እስኪጮህ አፈረች። ምነው አፌን በያዝኩ አለች።

ምግቡ ተበልቶ ሴቶቹ መበታተን ሲጀምሩ ማ ኤዬሬ በጣታቸው ጠሩዋትና ወደ ዕቃ ቤቱ ይዘዋት ገቡ። በሩን ከውስጥ ዘጉት። ልሰደብ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ግን የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጡና ቀስ ብለው የግራ እግር ጫማቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ካልሲውን። ከሽታው የተነሣ ኤባንጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ ጥቁረቱ ወደ ቀጣዩዋ ተሻግሯል።

"ስኳር ነው" አሉ ማ ኤዬሬ። "ከስድስት ዓመት በፊት ነው የነገሩኝ። ምርመራ ሲደርስ ሦስት ቀን የባምያ ውኃ ብቻ እጠጣለሁ። ደብተሬ ካንቺ ደብተር ያምራል።"

"ማ... ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ።" ካልሲያቸውን በእጃቸው ይጨምቁታል። ማኅበሩን ሃያ ዓመት በግልምጫ ያስተዳደሩት ሴት ቀና ብለው አላዩዋትም። "ያቺ ነርስሽ... ትጮሃለች?"

"ትጮሃለች፣ ማ" አለች ኤባንጋ። "ጠረጴዛም ትመታለች።"

ማ ኤዬሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከደጅ ሴቶቹ ሳህን ሲያጥቡ፣ ሲሳሳቁ ይሰማል። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የኤባንጋን መዳፍ ያዙ፤ እጃቸው ቀዝቅዟል።

"እሷ ዘንድ አብረሺኝ ትገቢያለሽ?" አሉ።